ጠፍቶ የተመለሰው ፓርቲሽን ምን ይላል?

ዳባት ወረዳ ውስጥ ከደጃፍ ደጃፍ እየተዞረ የሚጻፍ የልደትና የሞት መዝገብ አለ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የጤናና የሥነ ሕዝብ ቅኝት ጣቢያ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳረፈ፣ ማን ቀዬውን ለቆ እንደሄደና ማን እንደመጣ በየጊዜው ይመዘግባል። ሰው ሲሞትም ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ ተጠይቆ የሞቱ ምክንያት ምን ሊሆን እንደሚችል ይመረመራል። የእንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋው አለመቋረጡ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ስላረፈች እናት ሕመም ዛሬ እንደ አዲስ ቢጠየቅ፣ ያኔ የነበረው ትውስታ አይገኝም። እንዲህ ዓይነቱ መረጃ በምርምር ጣቢያ ይሁን በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ይሁን በትምህርት ቤት፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከመዳፍ ብዙም በማይሰፋ ዲስክ ላይ ነው። ዲስክ ላይ የሚደርስ ነገር ሁሉ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀውን ሰውም የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ የማነሳው ችግር በጣም ከሚያሳስቱት አንዱ ነው። ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ፣ ኡቡንቱም ይሁን ዴቢያን፣ መረጃው የተቀመጠበት ፓርቲሽን ድንገት ከዓይን ይሰወራል። ፎልደሩ የለም፣ ድራይቩ ይታይበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ሠራተኛው ደንግጦ ሰው ሊጠራ ሲነሳ ፓርቲሽኑ ተመልሶ ይመጣል፤ ፋይሎቹም እንዳሉ ናቸው። ተመስገን ይባልና ሥራ ይቀጥላል። ተመስገን መባሉ ደግ ነው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠሉ ግን አደጋ አለው። ፓርቲሽን ጠፍቶ ሲመለስ ምን እንደደረሰበት የሚናገር ማስረጃ ትቶ ይመጣል፤ ማስረጃው ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ማስረጃው ይነበብ፣ ቀጥሎ መረጃው ይገልበጥ፣ ጥገናው ከሁሉ በኋላ ይምጣ እላለሁ። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው፣ ዲስኩ ያላጠፋውን መረጃ በገዛ እጁ ሊያጠፋው ይችላል።

ፓርቲሽን ምን እንደሆነ ለመረዳት የመሬት ይዞታ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አንድ ዲስክ እንደ አንድ ሰፊ ማሳ ነው። ለሥርዓቱ፣ ለሠራተኛው ፋይል፣ ለመጠባበቂያ ተብሎ ይከፋፈላል። ዲስኩ ላይ ግን የተተከለ የወሰን ድንጋይ የለም። ያለው መዝገብ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ከዚህ ቁጥር ተነስቶ እዚህ ያበቃል፣ ሁለተኛው ከዚያ ይቀጥላል የሚል። በድሮው አሠራር ይህ መዝገብ የተጻፈው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ሲሆን ከአራት ዋና ክፍሎች በላይ አይዝም ነበር። ጂፒቲ የሚባለው የአሁኑ አሠራር ግን መዝገቡን በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን በዲስኩ መጀመሪያ፣ ሌላውን በዲስኩ መጨረሻ። ገበሬው ደብተሩን ቤቱ ቢያስቀምጥም የወረዳው መዝገብ አዋሳኞቹን ጽፎ እንደሚይዘው ማለት ነው። ደብተሩ ዝናብ ቢመታው ማሳው የትም አልሄደም። ፓርቲሽን ጠፋ ሲባልም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የጠፋው ማሳው ነው፣ መዝገቡ ነው፣ ወይስ ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ነው የሚለው ነው። ለአፍታ ጠፍቶ በሚመለስ ፓርቲሽን ላይ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። ማሳው ቢጠፋ ኖሮ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ አይመጣም ነበር።

መንገዱ የሚቋረጥባቸው ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱን አለመለየት ነው የስሕተቱ ሁሉ ምንጭ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ዲስክ ሲያገኝ መዝገቡን ያነብና ለእያንዳንዱ ክፍል ስም ያወጣል፤ ኤስዲኤ 1፣ ኤስዲኤ 2 እያለ። ዩዴቭ የሚባል አገልግሎት ደግሞ እነዚህን ስሞች ይጠብቃል። አንድ ፕሮግራም ዲስኩን በሙሉ ለመጻፍ ከፍቶ ሲዘጋው፣ ዩዴቭ መዝገቡ ተለውጦ ሊሆን ይችላል ብሎ ከርነሉ እንደገና እንዲያነበው ይጠይቃል። ከርነሉም የድሮዎቹን ስሞች ሰርዞ እንደ አዲስ ያወጣቸዋል። በመሰረዙና በማውጣቱ መካከል፣ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ፣ ፓርቲሽኖቹ በስም የሉም። ልክ በዚያች ቅጽበት ኤስዲኤ 1ን የፈለገ ሌላ ፕሮግራም የለም የሚል መልስ ያገኛል። ይህ የሚገጥመው ማንም ክፍሎቹን እየተጠቀመባቸው ባልሆነበት ዲስክ ላይ ነው፤ አንዱ እንኳ በሥራ ላይ ከሆነ ከርነሉ እንደገና ማንበቡን እምቢ ይላል።

ይህ ነገር በብዛት የሚታየው ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ስክሪፕት ሲጫን ነው። ስክሪፕቱ ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ወዲያው ፎርማት ሊያደርግ ሲል ክፍሉ የለም ብሎ ይቆማል። ጫኚው ያንኑ ትእዛዝ በእጁ ሲጽፈው ግን ይሠራል። ዲስኩ ተበላሽቷል ወይም ኮምፒውተሩ አመል አለው ይባላል። እውነቱ የሰው እጅ ከስክሪፕት ስለሚዘገይ ብቻ ነው፤ ጣቱ እስኪተይብ ዩዴቭ ሥራውን ጨርሷል። መፍትሔውም ዲስክ መለወጥ ሳይሆን መጠበቅ ነው። ዩዴቭአድም ሴትል የሚባለው ትእዛዝ ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ እስኪያልቅ ያስጠብቃል። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ዲስኩን በቁልፍ መያዝ ነው። ዩዴቭ ሌላ ፕሮግራም በቁልፍ የያዘውን ዲስክ አይነካም። በሦስት ሰከንድ እንቅልፍ ስክሪፕቱን የሚያልፉ አሉ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩ በተጨናነቀ ቀን ሦስቱ ሰከንድ አይበቃም።

ሁለተኛው ሁኔታ ከዚህ የከፋ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ከርነሉ የሚጽፈውን መዝገብ ዲሜስግ በሚባለው ትእዛዝ ማየት ይቻላል፤ ቀርቦ ላየው ታሪኩ ግልጽ ነው። ለምሳሌ ኮምፒውተሩ ከተነሳ በ5,021ኛው ሰከንድ የዩኤስቢ መሣሪያ ተቋረጠ የሚል መስመር ይወጣል። ተከትሎ በዚያ ዲስክ ላይ መጻፍ አልተቻለም የሚሉ ጥቂት መስመሮች ይደረደራሉ። በ5,024ኛው ሰከንድ አዲስ የዩኤስቢ መሣሪያ ተገኘ ይላል፣ አምራቹንና መጠኑን ይጠቅሳል፣ በመጨረሻም ክፍሎቹን ይዘረዝራል። አንባቢ ልብ ሊላት የሚገባት ነገር እዚህ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤ ሲሄድ ኤስዲቢ የነበረው ዲስክ ብዙ ጊዜ ሲመለስ ኤስዲሲ ሆኖ ይመጣል። የድሮው ስም በተከፈተው ፎልደር ተይዞ ስለቆየ ከርነሉ ቀጣዩን ፊደል ይሰጠዋል። ስለዚህ ተመለሰ የተባለው ፓርቲሽን በሌላ በር ነው የገባው። የድሮውን በር ይዞ የቀረው ፕሮግራም ደግሞ ማንም በሌለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ እያንኳኳ ነው።

በመጀመሪያው ሁኔታ እነዚህ መስመሮች አይኖሩም። የተቋረጠ መሣሪያ የለም፣ የመጻፍ ስሕተት የለም፤ የክፍሎቹ ዝርዝር ብቻ እንደገና ተጽፎ ይገኛል። በውስጥ በኩል በሳታ ገመድ የተያያዘ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ግንኙነቱ እንደገና እየተጀመረ ነው የሚል መልእክት ይደጋገማል። እነዚህን ሦስት የመዝገብ ምልክቶች ለመለየት ምሕንድስና መማር አያስፈልግም። መዝገቡ ያለው በእንግሊዝኛ ነው፣ ተራ ሠራተኛ እንዴት ያነበዋል የሚል ካለ፣ መልሱ የሚፈለጉት ቃላት ከጣት ቁጥር አይበልጡም የሚል ነው። በወረቀት ተጽፈው ማሳያው ጠርዝ ላይ ቢለጠፉ ማንም ሰው ከመዝገቡ ጋር ሊያመሳክራቸው ይችላል። ማንበብ እንኳ ባይችል ጽሑፉን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ወይም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለባለሙያ መላክ ይችላል። አስቸኳይ የሚያደርገው ዲሜስግ የሚያሳየው መዝገብ የሚቀመጠው ራም ላይ መሆኑ ነው። መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ አዲሱ መልእክት አሮጌውን ይሸፍናል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳም ይሰረዛል። ሪስታርት አድርገው የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የሌለበት ለዚህ ነው።

በዳባትና በደባርቅ ዓይነት ከተሞች ለሁለተኛው ሁኔታ ቀዳሚው ተጠርጣሪ መብራት ነው። አንድ ተጨባጭ ሁኔታ እንውሰድ። ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ከአጠገቡ የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቅ ኤክስተርናል ዲስክ አለ። ሁለቱም የተሰኩት አንድ ዲቫይደር ላይ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ይሄድና ወዲያው ይመጣል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ምንም አላወቀም፤ ስክሪኑ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ኤክስተርናሉ ግን ለዚያች ቅጽበት ሞቶ ተነስቷል። ቀን ከሆነና የቤቱ አምፖል ካልበራ፣ ሰውየው መብራት መሄዱን ሳያይ ፓርቲሽኑ መጥፋቱን ብቻ ያያል። በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠሩት ትንንሾቹ ዲስኮች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በመደበኛው እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ሲነሳ ከዚህ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ቀጭን ወይም ረዥም ገመድ፣ የላላ ቀዳዳ፣ ወይም አራት ፍላሽ የተሰካበት ማከፋፈያ ሲጨመርበት ኃይሉ ይወርድና ዲስኩ ይወድቃል። ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ሥራ ፈት ዩኤስቢን የሚያስተኛው የሊኑክስ ቅንብርም አንዳንድ ዲስኮችን በወጉ አያነቃቸውም፤ እሱን ለዚያ መሣሪያ ማጥፋት ይቻላል።

ከፍታውስ የሚል ጥያቄ በስሜን ግርጌ መነሳቱ ተገቢ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠረው ቀጭን የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚለካ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፤ ስለዚህ አምራቾች ለብዙዎቹ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን አድርገው የሚጽፉት 3,048 ሜትር ነው፤ በእነሱ ልኬት አሥር ሺህ ጫማ። ዳባት ወደ 2,600 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። ሁለቱም ከወሰኑ በታች ናቸው፣ ደባርቅ ግን ብዙም አይርቅም። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት የሳንቃበር፣ የግጭና የጨነቅ ካምፖች ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆኑ ወሰኑን አልፈዋል። የዋልያ ወይም የጭላዳ ቆጠራ ይዞ ወደዚያ የሚወጣ ተመራማሪ የሚሽከረከር ዲስክ ይዞ ባይወጣ ይመረጣል፤ ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ራስ ስለሌለው በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ይሁን እንጂ ዳባት ላይ ፓርቲሽን ሲሰወር ከፍታውን ቀዳሚ ተጠያቂ ማድረግ አይመስለኝም። አንባቢው ራስ ሳህኑን የነካበት ዲስክ በሦስት ሰከንድ ጤነኛ ሆኖ አይመለስም፤ ክሊክ ክሊክ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ማንበብ ያቅተዋል፣ የተበላሹ ቦታዎቹ ቁጥር ያድጋል። የሳሳ አየር በዳባት ይበልጥ የሚታየው በሙቀት በኩል ነው፤ ፋን የሚገፋው አየር ሲቀንስ አዳፕተሩም ዲስኩም ይግላሉ፣ በጠባብ መሳቢያ ውስጥ ተዘግተው ሲሠሩ ደግሞ ይብሳል።

ከተመለሰ ምን ጨነቀን የሚለው ክርክር ጠንካራ የሚመስለው ፋይሎቹ በዓይን ስለሚታዩ ነው። ነገር ግን ፋይል ስንጽፍ ሊኑክስ ወዲያው ዲስኩ ላይ አያሳርፈውም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ራም ላይ ያቆየውና ሰብሰብ አድርጎ ይጽፋል። ግንኙነቱ በዚያ መካከል ከተቋረጠ ሴቭ ተደርጓል የተባለው የመጨረሻው ሥራ ዲስኩ ላይ አልደረሰም። ኤክስት 4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ጆርናል ስላለው የፎልደሮቹን አቀማመጥ ከመዘበራረቅ ያድናል፤ ያልደረሰውን መረጃ ግን ከየት ያመጣል? መጻፍ አቅቶት ጆርናሉ ሲቋረጥ ደግሞ ክፍሉን ለማንበብ ብቻ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ዳታቤዝ የሚያስገባው ሠራተኛ የድሮውን ሁሉ ያያል፣ አዲስ ማስገባት ግን አይችልም። ግንኙነቱ ሊቋረጥ ሲል የገባው ቅጽም በኋላ ሲፈለግ የለም፤ ማንም አላጠፋውም፣ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም። የወረቀት ቅጹን ከመጣሉ በፊት ይህን ማወቅ ያለበት እሱ ነው።

ሌላው ችኩልነት ጥገና ነው። ኤፍኤስሲኬ የተባለው መሣሪያ የፋይል ሥርዓትን ይመረምራል ያስተካክላልም፤ ማስተካከል ማለት ግን ዲስኩ ላይ መጻፍ ማለት ነው። የተከፈተ ክፍል ላይ ቢያስኬዱት ጤነኛውን ሊያበላሽ ይችላል። በሚቆራረጥ ገመድ ላይ ቢያስኬዱት ደግሞ ግማሹን አስተካክሎ ግማሹ ላይ ይቆማል፤ ከነበረው የባሰ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ አሳዛኙ ግን ዲስኩን ነቅለው ዊንዶውስ ወዳለው ኮምፒውተር ሲወስዱት የሚደርሰው ነው። ዊንዶውስ ኤክስት 4ን ስለማያነብ፣ ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል የሚል ሳጥን ያወጣል። መልእክቱ ይህን አላውቀውም ማለቱ ነው፤ የደነገጠ ሰው ግን ተበላሽቷል ብሎ ያነበውና ይጫናል። ከገመድ መላላት ያላለፈ ችግር እዚያ ላይ እውነተኛ ጥፋት ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ በሌላ ጤነኛ ገመድና በሌላ ቀዳዳ ሰክቶ፣ ለማንበብ ብቻ ከፍቶ፣ መጀመሪያ የማይተካውን መገልበጥ ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ዲዲሬስኪዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ጤነኛውን ቦታ አስቀድሞ ይገለብጥና አስቸጋሪውን ወደ መጨረሻ ይተወዋል። የክፍፍሉ መዝገብ እውነት ከጠፋ ደግሞ ቴስትዲስክ የተባለው ፕሮግራም የክፍሎቹን ወሰን ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ቅጂው ላይ ቢሠራ ይመረጣል።

አዲስ ዲስክ መግዛት አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ፤ መጠባበቂያ ለመያዝ ከሆነ እስማማለሁ። መንስኤው ሳይታወቅ መተኪያ ብሎ መግዛት ግን ያንኑ ገመድ፣ ያንኑ ዲቫይደር፣ ያንኑ መብራት ለአዲስ ዲስክ ማውረስ ነው፤ ለገመድ የሚበቃው ብር ለዲስክ ይወጣል። በኢንተርኔት ሌላ ቦታ እናስቀምጠው የሚለውም መልካም ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን የገባው መረጃ ግን እስኪላክ የሚያድረው እዚሁ ዲስክ ላይ ነው። ለማንኛውም ሊኑክስ ዲስኩን በፊደሉ ሳይሆን ዩዩአይዲ በሚባለው ቋሚ መለያው እንዲያውቀው ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥ ቢጻፍ፣ ኤስዲቢ ኤስዲሲ ሆኖ ቢመጣ እንኳ ዳግም ሲከፈት ወደ ትክክለኛው ፎልደር ይሄዳል። ኖፌይል የሚለው ቃል ቢታከልበት ዲስኩ በሌለበት ቀን ኮምፒውተሩ መነሳት አያቅተውም። የኤክስተርናሉን አዳፕተር ከዲቫይደሩ ይልቅ ዩፒኤስ ላይ መሰካትም ቀላልና ውጤታማ ነው።

ገመዱ ነው ወይስ ዲስኩ የሚለውን ለመለየት ዲስኩ ራሱ ማስታወሻ ይይዛል። ስማርትሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ ያሳየዋል፤ በኤክስተርናል ማቀፊያ ውስጥ ያለ ዲስክ አንዳንዴ ተጨማሪ አማራጭ ይጠይቃል። ከሰንጠረዡ ውስጥ በ5 እና በ197 ቁጥር የተመዘገቡት የተበላሹና የሚያጠራጥሩ ቦታዎችን ይቆጥራሉ፤ እነሱ ካደጉ ዲስኩ እያለቀ ነው። በ199 ቁጥር ያለው ግን በሳታ ገመድ ላይ በመንገድ የተበላሹ መልእክቶችን ነው የሚቆጥረው፤ የዩኤስቢ ገመድን ስሕተት አይቆጥርም። ይህ ቁጥር ገመዱ ቢለወጥም ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ መጠኑ ሳይሆን እድገቱ ነው የሚታየው። ሰኞ ጠዋት የሳታ ገመዱ ተለውጦ 199 አጠገብ ያለው ቁጥር፣ 46 ይሁን 300፣ በደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፋል። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ይታያል። ያው ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነበር፣ አሮጌውም ገመድ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ተቆርጦ ይጣላል። ከጨመረ ደግሞ ቀጣዩ የሚፈተሸው ቀዳዳውና የኃይል አቅርቦቱ ነው፤ ደብተሩም ላይ አዲስ መስመር ይከፈታል።